የኋላ ወንበሩ እስረኛ

ቅዳሜ ረፋድ ላይ አስር አለቃ ደምሰው ከከተማው መውጫ ኬላ እስከ ጂንካ ፖሊስ ጣቢያ በሩጫ መጥቶ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ «ጌታዬ፣ እስረኛው ክፉኛ ተጎድቷል» አለ።

የወንጀል ምርመራ ኃላፊው መቶ አለቃ ጎሳዬ ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። እሱ ኃላፊ ከሆነ ወዲህ እስረኛ ተጎድቶም አምልጦም አያውቅም፤ በዚህም ይኮራ ነበር። በጥድፊያ ግቢውን አቋርጦ የእስር ክፍሉን በር አስከፈተና ያሉትን ሰዎች በዓይኑ ለቀመ። ሁሉም አሉ። ሁለቱ መሬት ላይ በጫሩት ገበጣ እየተጫወቱ ነበር፤ ጨዋታቸው ስለተቋረጠ ተነጫነጩ።

«የታለ የተጎዳው?» አለ ጎሳዬ።

ደምሰው ግራ ገባው። «የእኛ እስረኛ እኮ አይደለም ጌታዬ። የዶክተሩ ልጅ ነው። እስረኛው።»

ጎሳዬ እፎይ አለ። በኋላ ያን እፎይታውን ባሰበው ቁጥር ፊቱ ይግል ነበር፤ ያን ሰዓት ግን ከልቡ ነው እፎይ ያለው።

በጂንካ እስረኛው ሲባል ማን እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። የከብት ሐኪሙ የዶክተር ወልደሰማያት ልጅ ነው፤ ተገኝ የሚባል፣ ሁለት ዓመት ያለፈው ጉንጫም። ሌላው ሰው ከውጭ አገር ትምህርት ሲመለስ ካፖርትና ቴፕ ያመጣል፤ ዶክተሩ ከጀርመን ተሸክሞ የመጣው ቀይ የፕላስቲክ የልጅ ወንበር ነው። ወንበሩን በመስሪያ ቤቱ ላንድሮቨር የኋላ መቀመጫ ላይ በብሎን አጠበቀው፤ ልጁን ደግሞ በትከሻው፣ በወገቡና በእግሮቹ መካከል በሚያልፍ ቀበቶ ወንበሩ ላይ አሰረው። ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ እንጂ በወንበር ታስሮ አይቶ የማያውቅ ከተማ በሳቅ ፈረሰ፤ ስምም ወጣለት። ጥበቃዎቹ ኬላው ላይ «እስረኛው መጣ፣ ስንት ዓመት ፈረዱበት?» ይላሉ። «እጅ ስጥ» ሲሉት ልጁ እየተንከተከተ ሁለት እጆቹን ለካቴና አጣምሮ ይዘረጋል። ስሙን መጀመሪያ ማን እንዳወጣው የጠየቀ ሰው የለም። በአባትየው ፊት ግን ማንም አይደፍረውም። ዶክተሩ ቁጡ ነው፤ ደግሞም ዲመካና ካንጋተን ከብት ሲያስከትብ ስለሚከርም ከተማው ውስጥ የሚባለውን የሚሰማበት ጊዜ አልነበረውም።

ደምሰው የሚያውቀውን ተናገረ። ላንድሮቨሩ ጠዋት እናትና ልጁን ይዞ ወደ ዲመካ፣ ወደ አባትየው ወጥቶ ነበር። አሁን በቆሎ የጫነ የጭነት መኪና ሁለቱን ከመንገድ አንስቶ ወደ ሆስፒታል አሳልፏቸዋል። እናትየው ደህና ናት። ልጁ ግን ደም በደም ነው፤ ዓይኑንም አልገለጠም።

«ጠዋት ሲያልፉ ልጁ ታስሮ ነበር?»

«እስረኛው አለ ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ አለ አሉኝ፤ ገመዱን ለቀቅኩላቸው» አለ ደምሰው።

ጎሳዬ ታስሮ ነበር ማለት ነው ብሎ ያዘው። ለብዙ ዓመት ሰው ሲመረምር የኖረ ሰው እንዲህ ያለ መልስ መቀበል አልነበረበትም።

አደጋው የደረሰው ቀይ አፈር ከተማ ሳይደረስ፣ መንገዱ ቁልቁል በሚጠመዘዝበት ቦታ ነው። ጥጃ ገብታበት ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ መኪናው ተንሸራትቶ አፍንጫውን ቦይ ውስጥ ተክሏል። አልተገለበጠም። በተሳፋሪው በኩል ያለው የፊት መስታወት ተሰንጥቋል፤ ቀዩ አቧራ ደግሞ ውስጡንም ውጭውንም በርበሬ የተነሰነሰበት አስመስሎታል።

ሾፌሩ ሶርሳ ከመኪናው አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር። የአሪ ሰው ነው፤ ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ፣ ጴንጤ። የሚጠሉት ሰዎች እንኳ ጠጥቶ አይነዳም፣ ዋሽቶም አያውቅም ይሉታል። ጎሳዬን ሲያይ ተነስቶ ቆቡን አወለቀ።

ጎሳዬ መኪናውን ፈተሸ። ከፊት፣ በተሳፋሪው እግር ማሳረፊያ ላይ፣ አንዲት የልጅ ጫማ ወድቃለች። ቀዩ ወንበር ከኋላ እንደ ቆመ ነው፤ ንቅንቅ አላለም። የቀበቶው መቆለፊያ ተቆልፏል። ሁለቱ የትከሻ ማሰሪያዎች ግን ከመሃላቸው ተቆርጠዋል። የተበጠሱ አይደሉም፤ አፋቸው በምላጭ እንደተላጨ ጠጉር ልሙጥ ነው። ከመቀመጫው ስር የዶክተሩ የከብት ሕክምና ሳጥን ተከፍቷል፤ ውስጡ ከተደረደሩት የቀዶ ሕክምና ምላጮች አንደኛው ከወረቀቱ ወጥቷል።

«ልጁ ታስሮ ነበር?» አለ ጎሳዬ።

«ከቤት ስንወጣ ልጁን እኔ በራሴ እጅ አስሬዋለሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ሶርሳ የተቆረጠውን ማሰሪያ አየ፤ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ በኋላ ቃል አልወጣውም። ጎሳዬ ደግሞ ዝም ያለ ሰው ግማሹን አምኗል ባይ ነው። ሾፌሩን ጂፕ ላይ አስጫነው፤ የልጁን ወንበርም አስፈትቶ ከጎኑ አስጫነ። የእስር ክፍሉ ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ጨመረ።

ዶክተር ወልደሰማያት ከዲመካ የደረሰው አመሻሹ ላይ ነው። ከሆስፒታል ወደ ጣቢያው መጥቶ፣ የመንገዱ አቧራ ሳይራገፍለት፣ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠው ቀይ ወንበር ፊት ቆመ። የልጁ ክንድ ተሰብሯል። ጭንቅላቱ ስለተመታ ገና አልነቃም፤ ሲነቃ ምን እንደሚሆን ደግሞ ማንም አያውቅም።

ጎሳዬ ስለ ወንበሩ ጠየቀው። ዶክተሩ ለሐዘን የሚሆን ሌላ መንገድ ስላልነበረው ይመስላል፣ ረጅም ጊዜ ስለ ወንበሩ ብቻ አወራ። ሱቁ ውስጥ ሁለት ዓይነት ነበር። አንዱ ለስላሳ፣ አበባ ያለበት፣ ሚስቱ ብታየው የምትወደው፤ ግን ከመኪናው ጋር የሚይዘው ከላይ በሚንጠለጠል መንጠቆ ብቻ ነው። ሌላው ይሄ አስቀያሚው ነው። እሱ ሻጩን ዋጋ አልጠየቀም፤ መኪና ሲጋጭ የትኛው ከቦታው አይነቃነቅም ብሎ ነው የጠየቀው። የልጁን ክብደት ነገረው፣ ትከሻው የት ድረስ እንደሚደርስ በእጁ አሳየው፣ ማሰሪያውን በገዛ ጉልበቱ ስቦ ሞከረው። ሶርሳንም አሰልጥኖታል፦ በማሰሪያውና በልጁ ደረት መካከል ጣትህ እንጂ እጅህ አይግባ።

«ሰው እቅፌ ይበቃዋል ይላል» አለ ዶክተሩ። «መኪና በድንገት ሲቆም ልጅ ከእቅፍ ይወጣል። የእናት ጉልበት አይችለውም። ይሄን አውቄ ነው ያመጣሁት። አሁን ማን እንደቆረጠው ንገሩኝ።»

ጎሳዬ የሚነግረው አልነበረውም። በማግስቱ እሑድ ግን ለእሱ ብዙ የሚነግረው ሰው ተገኘ። የአውራጃው አስተዳዳሪ አስጠርቶት፣ የመንግሥት መኪና፣ የተቆረጠ ቀበቶ፣ ጴንጤ ሾፌር፣ ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ አለው። አሻጥር የሚለው ቃል በዚያ በደርግ ዘመን አንዴ ከተነገረ ወደ አፍ አይመለስም። ማክሰኞ ወደ አርባ ምንጭ የሚሄድ መኪና አለ፤ ሾፌሩ በዚያ ይሂድ፣ የተቀረውን እዚያ ያወጡታል ተባለ። እዚያ እንዴት እንደሚያወጡ ጎሳዬ ያውቃል። በአሻጥር ተጠርጥሮ በዚያ መንገድ ሄዶ የተመለሰ ሰው አላየም።

ጎሳዬ ጨካኝ አልነበረም፤ ቀልድ የሚወድ፣ ሥራውንም የሚወድ ሰው ነበር። እስከ ማክሰኞ እውነቱን ካላገኘ ሶርሳን ለሌሎች አሳልፎ መስጠቱ ነው፤ ይሄ እንቅልፍ ነሳው።

መጀመሪያ የጠረጠረው ደበሌን ነው። ደበሌ ክትባት ወጊ ነበር፤ መድኃኒት ሲያባክን ዶክተሩ በሰው ፊት አዋርዶ አባሮታል። ምላጭ አያያዝ ያውቃል፤ አንድ ቀን ዋጋህን ታገኛለህ ብሎ መዛቱንም የሰሙ አሉ። ጎሳዬ ደበሌን ከቤቱ አስመጣው። ሰውየው ዓርብ ጠዋት ዘመድ ሊቀብር ወደ ባኮ ወጥቶ የተመለሰው ገና አሁን ነው፤ አብረውት የቀበሩት ሽማግሌዎች ተከትለውት መጥተው መሰከሩ። ዶክተሩ ደግሞ ላንድሮቨሩ ዓርብ ቀኑን ሙሉ ከእሱ ጋር እንደነበረና ማታ ወደ ጂንካ ሲልከው ማሰሪያው ደህና እንደነበር አረጋገጠ። ደበሌ ሲወጣ በሩ ላይ ቆም ብሎ የልጁን ጤንነት ጠየቀ። ጎሳዬ ለቅሶ ላይ የነበረ ሰው በማስጎተቱ አፈረ፤ ገና ብዙ እንደሚያፍር ግን አላወቀም።

ሁሉም ከሄደ በኋላ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠጋና እንደ አዲስ አየው። ማሰሪያው ላይ ቀይ አቧራ ተኝቶበታል። የተቆረጠው አፉ ግን ነጭ ነው። ጎሳዬ ተቀመጠ። ማሰሪያው ከአደጋው በፊት ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አቧራ አፉንም አይምረውም ነበር። የተቆረጠው አቧራው ከሰፈረ በኋላ ነው ማለት ነው። ከአደጋው በኋላ ከመኪናው ጋር ብቻውን የቀረው ደግሞ ሶርሳ ነው።

ወደ ሆስፒታል ሄዶ ቁስል አጣቢውን ድሬሰር ወርቅነህን አገኘው። ልጁ ትከሻው ወይም ደረቱ ላይ የቀበቶ ሰንበር አለው ወይ ብሎ ጠየቀው። ወርቅነህ ልጁን ሲያጥበው መላ ሰውነቱን አይቷል፤ ግንባሩና ክንዱ ነው እንጂ ደረቱ ላይ ጭረት እንኳን የለም አለ። ታስሮ የቆየ ልጅ መኪናው በዚያ ኃይል ሲቆም አንድ ምልክት ይወጣበታል። ጎሳዬ የተሰነጠቀውን የፊት መስታወት አሰበ፤ ከፊት ወድቃ ያገኛትን ጫማም አሰበ። ልጁ ከኋላ አልነበረም።

ጣቢያ ተመልሶ ሶርሳን አስወጣውና ከግቢው ዛፍ ስር አስቀመጠው።

«የቆረጥከው አንተ ነህ» አለው። «እነሱ በጭነት መኪናው ከሄዱ በኋላ። መቆለፊያውንም መልሰህ የቆለፍከው አንተ ነህ።»

ሶርሳ አልካደም። አንገቱን ደፍቶ መሬቱን አየ።

«ለምን? ከነገ ወዲያ ወደ አርባ ምንጭ ሊጭኑህ ነው። ልጆች አሉህ።»

«እኔ አልዋሽም ጌታዬ። ሁሉን ግን አልናገርም» አለ ሶርሳ። ደግሞ ጨመረ፤ «ቀበቶው የተበጠሰ ቢመስል ሰው ሰውን አይወቅስም ብዬ ነው። ተንኮል ይሉታል ብዬ አላሰብኩም። ጥሩ አስቤ ነው ያበላሸሁት።»

«ልጁን ማን ፈታው?»

ሶርሳ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ። ጎሳዬም አልገፋውም። ሾፌር እየነዳ የኋላ መቀመጫ ላይ ያለ ልጅ አይፈታም። መኪናው ውስጥ የነበረው ሌላ ሰው አንድ ብቻ ነው።

የልጁን እናት ወይዘሮ አመለወርቅን ሰኞ ጠዋት በሆስፒታሉ በረንዳ ላይ አገኛት። የልጇ ደም የነካውን ቀሚስ ገና አልቀየረችም። ተቀመጡ ሳትለው ተቀመጠ። ሶርሳ ነገ ወደ አርባ ምንጭ እንደሚላክ፣ በምን እንደተከሰሰም ነገራት። ለራሱ ሲል ዝም እንዳላለም ነገራት።

አመለወርቅ ዓይኗን ወደ ግቢው አዞረች። ከዚያ እጇን ፊቷ ላይ አድርጋ፣ በጣቶቿ መካከል፣ «እኔ ነኝ የፈታሁት» አለች።

የተናገረችው እየተቆራረጠ ነው የወጣው። ከፋሲካ ወዲህ ወደ ኬላው ሲቃረቡ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ፣ ሶርሳን አቁም ትለዋለች። ልጁን ፈትታ ከፊት እቅፏ ላይ ታስቀምጠዋለች። ኬላውን ካለፉ በኋላ መልሳ ታስረዋለች። ቅዳሜ ዕለት ግን ልጁ እቅፏ ላይ እንቅልፍ ወሰደው፤ አሳዘናትና ትንሽ ይተኛ አለች። ሶርሳ እትዬ እንሰረው ብሏታል። ቆይ አለችው። ጥጃዋ የገባችው ያን ጊዜ ነው።

«ይዤው ነበር» አለች። «በሁለት እጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤው ነበር። ወጣብኝ።»

ጎሳዬ ለምን ከኬላው በፊት እንደፈታችው ጠየቀ።

«እንዳይስቁብን። እስረኛው መጣ እንዳይሉ። አባቴ በአብዮቱ መጀመሪያ ታስሮ ነው የሞተው፣ መቶ አለቃ። እዚህ አገር አንድም ሰው አያውቅም፤ ባሌ ብቻ ነው የሚያውቀው። ልጄን እስረኛ ብለው ሲጠሩት ዓይኔ ውስጥ አባቴን ያዩት ይመስለኛል። ብፈታው ስሙም የሚቀር መስሎኝ ነበር። እቅፌ ላይ ሆኖም ያው ይሉታል። ለባሌ ምን ብዬ ልንገረው? ስንት ለፍቶ መርጦ አመጣው። ሰው ሳቀብኝ ብዬ ልጄን ፈታሁት ልበለው?»

ጎሳዬ ልቡ በንዴት ሞላ። አንድን እናት የገዛ ልጇን ቀበቶ እስክትፈታ ድረስ የሚያሳፍር ምን ዓይነት ከተማ ነው? ይሄን ስም ያወጣው ማን ነው? በሕግ የሚጠየቅበት አንቀጽ ባይኖርም አግኝቶት ዓይኑን እያየ ሊነግረው ፈለገ። ከበረንዳው ሲወርድ ጫማው መሬቱን ይቀጠቅጥ ነበር።

ኬላው ላይ አስር አለቃ ደምሰውን ጥላው ስር ተቀምጦ አገኘው። ቅዳሜ ልጁን በዓይንህ አይተኸዋል ወይ ሲለው ደምሰው ተርበተበተ። ከጥላው እንዳልተነሳ፣ እስረኛው አለ ወይ ብሎ ከሩቅ እንደጮኸና እትዬ አመለወርቅ በደከመ ድምፅ አለ እንዳለችው አመነ።

«እስረኛው የሚለውን ስም ከማን ሰማኸው?»

ደምሰው አለቃውን አየት አደረገውና ዓይኑን አሸሸ። «ከፋጢማ ሻይ ቤት መሰለኝ» አለ።

የፋጢማ ሻይ ቤት ከኬላው ፊት ለፊት ነው። ሾፌሩም ጥበቃውም ነጋዴውም ቁርሱን የሚበላው እዚያ ነው፤ ጎሳዬም ጠዋት ጠዋት ከዚያ አይጠፋም። ፋጢማ ጥያቄውን ስትሰማ ብርጭቆ ማጠቧን አቆመች። የልጁን ነገር ሰምታ ሌሊቱን ስትጸልይ እንዳደረች ነገረችው። ስሙን ግን እኔ አላወጣሁትም አለች።

«ታዲያ ማን አወጣው?»

ፋጢማ እጇን በሽርጧ አበሰች። ሊቀልድባት የመጣ መስሏት ፊቱን አጠናችው። «እርስዎ ያውቁ የለም እንዴ?» አለች።

«ባውቅ እጠይቅሽ ነበር?»

«እርስዎ ነዎት እኮ፣ መቶ አለቃ።»

ጎሳዬ ሊስቅ ፈለገ፤ አልመጣለትም። ፋጢማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስታወሰችው። መኪናው ያ ወንበር ተገጥሞለት መጀመሪያ ያለፈ ዕለት ነው። እሱ እዚያ ጥግ ላይ ሻይ ይዞ ቆሞ ነበር። ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ መኪናው ሄደ፣ በመስኮቱ ጎንበስ አለ፣ ልጁን አየና በጣቢያ ድምፁ፣ «ይሄ ደግሞ ምን አጥፍቶ ታሰረ? የመያዣ ትእዛዝ አለው? እስረኛው፣ እጅ ስጥ» አለ። ልጁ እጁን ዘረጋ። ሻይ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ተንፈራፈረ። «እትዬም ሳቁ» አለች ፋጢማ፤ «ሳቁ እንጂ፣ ምን ያድርጉ፣ የፖሊስ አለቃ ሲቀልድ።»

አሁን ትዝ አለው። ሻዩ ዝንጅብል እንደነበረው ሳይቀር ትዝ አለው። በዚያን ቀን ሳቁ ደስ ብሎት ወደ ቢሮው እያፏጨ ነው የገባው፤ ለባለቤቱም ማታ ነግሯት ነበር። ከዚያ ረሳው። ስሙ ግን አልረሳም፤ በእግሩ ከተማውን ዞረ፣ ኬላው ላይ ተቀመጠ፣ አንዲትን እናት ጠብቆ ያዘ። ጎሳዬ በዚያ ሻይ ቤት መሃል ቆሞ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። ደምሰው ለምን ዓይኑን እንዳሸሸም ገባው። አለቃው እያወቀ ነው የሚጠይቀኝ ብሎ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ሲመረምር የነበረው እሱ ብቻ ነው።

ሻይ ሳይጠጣ ወጣ። ወደ አስተዳዳሪው ሄዶ አሻጥር እንደሌለ፣ ማሰሪያው ከአደጋው በኋላ እንደተቆረጠ፣ ለዚህም በራሱ ኃላፊነት ሾፌሩን እንደሚለቅ ተናገረ። አስተዳዳሪው ተቆጣ፤ ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው ብሎ ጠየቀው። ጎሳዬ የእናትየውን ስም አልጠራም። «ጥፋቱ ከኬላው ነው የተነሳው» አለ። ይሄ እውነት ቢሆንም ግማሽ እውነት ነው፤ ሲናገረው ለራሱም ቀፈፈው። ከዚያ ሶርሳን ፈታው። ሶርሳ ቆቡን እየያዘ አመሰገነው፤ ምስጋናው ከስድብ ይልቅ ከበደው። አብረው ወደ ሆስፒታል ሄዱ።

ሲደርሱ ክፍሉ ውስጥ ግርግር ነበር። ልጁ ነቅቷል። ዶክተር ወልደሰማያት አልጋው ጫፍ ላይ ተንበርክኳል፤ አመለወርቅ ከግድግዳው ተጣብቃ ቆማለች። ጎሳዬ ቆቡን ብብቱ ስር አድርጎ በሩ ላይ ቀረ፤ ሶርሳ ከኋላው። ድሬሰር ወርቅነህ የልጁን ዓይን በባትሪ አየና ጎንበስ ብሎ ጠየቀው።

«ማሙሽ፣ ስምህ ማን ነው?»

ልጁ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «እስረኛው» አለ።

ወርቅነህ ስሙን ያውቃል፤ አባትየው ፊት ስለፈራ ግን ያላወቀ መሰለ። ደግሞ ጠየቀው። «አይ፣ ስምህን። እናትና አባትህ ያወጡልህን ስም።»

«እስረኛው» አለ ልጁ፣ በግልጽ።

ዶክተሩ ፊቱ አመድ መሰለ። «ስሙን አያውቅም» አለ። «ጭንቅላቱ ነው። ስሙን ረስቷል።» የልጁን ጉንጭ በሁለት እጁ ይዞ፣ «ተገኝ በል፤ ተገኝ በል የኔ ጌታ» እያለ ተማጸነው፤ እንባው በልጁ ፋሻ ላይ ይወርድ ጀመር። ከብት ሲሞት እንኳን ፊቱ የማይለወጥ ሰው ነው።

አመለወርቅ ከግድግዳው ተላቅቃ ወደ ባሏ አንድ እርምጃ ተራመደች። ጎሳዬ ዝም ቢል ማንም አይፈርድበትም ነበር፤ ወርቅነህ ቀስ ብሎ በሌላ ጥያቄ የልጁን አእምሮ ይፈትን ነበር፣ ነገሩም በዚያው ይድበሰበስ ነበር። ግን ያ አባት በዚያ ፍርሃት ውስጥ የሚቆይባት እያንዳንዷ ደቂቃ የእሱ ዕዳ ነበረች።

«ዶክተር» አለ ጎሳዬ፤ ድምፁን ራሱ አላወቀውም። «ልጁ ደህና ነው። አልረሳም። ከተማው በሙሉ የሚጠራበትን ስሙን ነው የነገረን። ያወጣሁለት እኔ ነኝ።»

ዶክተሩ ቀና ብሎ አየው፤ ቀጥሎ ሚስቱን አየ። እሷ ዓይኗን አልሰበረችም። የሚጠይቀውና የሚሰማው ብዙ ነገር እንዳለ ገባው፤ ገና ግን አልጠየቀም።

ልጁ ወደ ድምፁ ዞሮ በሩ ላይ የቆመውን የፖሊስ ልብስ አየ። ፊቱ በራ። የተማረውን ጨዋታ አስታውሶ አንዱን እጁን ዘረጋ፤ ሁለተኛው በጀሶ ስለታሰረ አልነሳለት ብሎ ታገለ። አንዷን እጁን ብቻ እንደዘረጋ፣ ካቴናውን እየጠበቀ፣ ለጎሳዬ ሳቀለት።

ጎሳዬ ወደ አልጋው ሄደ። ያቺን ትንሽ እጅ ይዞ ብርድ ልብሱ ስር መለሳትና ተንበረከከ፤ ከዚያ ቀና ብሎ የማንንም ፊት ማየት አልቻለም።